የሜክሲኮ ሲቲን ካቴድራል ለመጎብኘት፦ ከወለሉ የሚጀምር መመሪያ

በሜክሲኮ ሲቲ ዋና አደባባይ በሰሜን በኩል የቆመው ካቴድራል የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1573 ሲሆን ግንባታው ያለቀው በ1813 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት መቶ አርባ ዓመት የተለፋበትን ቤት ብዙ ሰው በሃያ ደቂቃ ያየዋል፤ በዋናው በር ይገባል፣ ወርቁን ፎቶ ያነሣል፣ በገባበት ይወጣል። በጣም ያሳዝነኛል። ይህ ካቴድራል ከመሬቱ ተነሥቶ ሲታይ ነው የሚገባው። የተሠራው በሐይቅ ጭቃ ላይ ነው፤ ደግሞም ስፔኖች በ1521 ድል ያደረጓት የአዝቴኮች ከተማ የቴኖችቲትላን ቅዱስ ስፍራ ላይ ነው። ወለሉ ለምን እንደሚያዘነብል፣ አምዶቹ ለምን ቀጥ ብለው እንዳልቆሙ፣ ከጉልላቱ ለምን ቱንቢ እንደተንጠለጠለ የሚያስረዱት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሌን ከእግር ሥር ጀምሬ ወደ ላይ አስኬደዋለሁ።

1. ከመነሣታችሁ በፊት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ የሜክሲኮ ኤምባሲ አዲስ አበባ አለ። ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ወይም የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ለጉብኝት ተጨማሪ የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። ደንብ ግን ይለወጣልና ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የለመደው አየር ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ፤ የደወሉን ማማ ደረጃ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን አቆዩት። ዝናቡ ከግንቦት መጨረሻ አካባቢ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሲሆን በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ጠዋት ግቡ፤ ጃንጥላም ያዙ።

ለጉብኝቱ ግማሽ ቀን መድቡ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ እሑድ ቅዳሴ ስለሚደጋገም እንደ ልብ መዘዋወር አይቻልም፣ ሰኞ ደግሞ ጎረቤቱ የቴምፕሎ ማዮር (የአዝቴኮች ታላቅ መቅደስ) ሙዚየም ዝግ ነው። ሳንቲምና ዝርዝር ፔሶ፣ ምቹ ጫማ፣ ቀለል ያለ ሹራብ ያዙ፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ትንሽ መነጽር (የሩቁን የሚያቀርበውን ማለቴ ነው) ካላችሁ አትርሱት፤ ከሁሉ የሚበልጠው የጥበብ ሥራ ከራሳችሁ በላይ ሃያ ሜትር ላይ ነው የሚገኘው።

2. መድረሻው

አደባባዩን ሰው ሁሉ ሶካሎ ይለዋል፤ በዚሁ ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያ በሁለተኛው፣ በሰማያዊው መስመር ላይ አለ። የአንድ ጉዞ ዋጋ 5 ፔሶ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የፊተኞቹ ፉርጎዎች ለሴቶችና ለሕፃናት የተለዩ ናቸው፤ ወንዶች ወደ ኋላ ሂዱ። ስልካችሁን ከፊት ኪስ፣ ቦርሳችሁን ከደረታችሁ ላይ አድርጉ።

ጊዜ ካላችሁ ግን ጉዟችሁን በሦስተኛው መስመር ላይ ካለው ኤትዮፒያ ከተባለው ጣቢያ ጀምሩ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አገሪቱን ጎብኝተዋል። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የምንለው፣ እዚያ ደግሞ የኢትዮጵያ አደባባይ የሚሉት የዚያ ወዳጅነት ምልክቶች ናቸው። ከዚህ ጣቢያ ወደ ኢንዲዮስ ቬርዴስ የሚሄደውን ባቡር ያዙ፤ ኢዳልጎ ላይ ወርዳችሁ በሁለተኛው መስመር ወደ ታስኬኛ የሚሄደውን ተሳፈሩ፤ ሦስተኛው ጣቢያ ሶካሎ ነው። ሶካሎ ላይ ሰልፍ ወይም ኮንሰርት ሲኖር ጣቢያው ይዘጋል። ያኔ አንድ ቀድማችሁ አዬንዴ ላይ ውረዱና በእግር ቀጥሉ።

3. ሳትገቡ በዙሪያው ሂዱ

መጀመሪያ አደባባዩ መካከል ቁሙና የፊት ለፊቱን ገጽ እዩ። ሥራውን የጀመረው ክላውዲዮ ዴ አርሲኒዬጋ ነው፤ የደወል ቅርጽ ያላቸውን የሁለቱን ማማዎች ጫፍ ያወጣው ሆሴ ዳሚያን ኦርቲስ ዴ ካስትሮ ሲሆን በ1791 ተጠናቀቁ፤ ጉልላቱንና ከመካከል ያለውን ሰዓት በ1813 የጨረሰው ማኑዌል ቶልሳ ነው። ከታች ወደ ላይ ስታዩ የሦስት ዘመን እጅ ትለያላችሁ፤ ታችኛው ኮስተር ያለ፣ መካከሉ የተጌጠ፣ ላይኛው የተረጋጋ ነው። ከሰዓቱ ላይ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር በሴት አምሳል ቆመው ነበር። በሴፕቴምበር 19 ቀን 2017 የመሬት መንቀጥቀጥ የተስፋ ሐውልት ወደቀች።

በስተ ምዕራብ ካለው ማማ ሥር ቁሙ። ዛሬ በአንትሮፖሎጂ ሙዚየም የሚታየው ታላቁ የአዝቴኮች የፀሐይ ድንጋይ በ1790 ከዚህ አደባባይ ተቆፍሮ ወጥቶ ለ95 ዓመት ያህል የተተከለው በዚህ ግድግዳ ላይ ነበር። ከአጥሩ ሥር ደግሞ የቧንቧ ሠራተኞች፣ አናጢዎችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሙያቸውን በሰሌዳ ጽፈው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። የዕለት እንጀራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸውና ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሡ። በስተ ምሥራቅ በኩል ላባ የለበሱ ጨፋሪዎችና ኮፓል በሚባል ሙጫ ሰውን የሚያጥኑ ታገኛላችሁ። ፎቶ ወይም ዕጥነት የፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሳንቲምም ይስጥ።

4. በሩን ስትገቡ

ዋናውን ክፍል ለማየት ክፍያ የለም። ወንዶች ባርኔጣችሁን አውልቁ። ጫማ አይወልቅም፤ ወንድና ሴት ለየብቻ አይቆሙም፤ ነጠላ መልበስ ግዴታ አይደለም፤ ልማዴ ነው ብሎ ለሚከናነብ ግን ነውር የለውም። ቁምጣና እጀ ጉርድ ለብሳችሁ ብትገቡ የሚከለክላችሁ ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም ቤቱ የጸሎት ቤት ነውና ሸፈን ብላችሁ ሂዱ።

ቅዳሴ ካለ በጎን መተላለፊያ ሆናችሁ ጠብቁ፤ በአማኞች መካከል አትለፉ፣ ካሜራ አታንሡ። በሌላው ሰዓትም ፍላሽ አጥፉ። በካቶሊክ ሥርዓት ቁርባን የሚቀበሉት ካቶሊኮች ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት የሆነ ጎብኚ ሰልፉን ሳይገባ በቦታው ይቆይ። በግዕዝ ሥርዓት የምትቀድሱ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ግን ከሮም ጋር ኅብረት ያላችሁ ስለሆናችሁ እንደ ቤታችሁ ናችሁ። ቅዳሴው በስፓኒሽ ቢሆንም የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚንበረከክ ከአጠገባችሁ ያሉትን አይታችሁ ትከተላላችሁ።

ኦርቶዶክሳውያን አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፤ ዋናው መሠዊያ በስተ ምሥራቅ አይደለም፣ በስተ ሰሜን ነው። ሕንፃው ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ አደባባዩ አዙሮ ነው የቆመው።

5. ወለሉና ቱንቢው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በሩ ላይ ወዲያው የሚገጥማችሁ በወርቅ የተለበጠው የይቅርታ መሠዊያ ነው፤ ለጊዜው ተዉት፣ ስትመለሱ ታዩታላችሁ። በጎን መተላለፊያው ወደ ውስጥ እለፉ፤ የመዘምራኑን ስፍራ አልፋችሁ ከጉልላቱ ሥር ስትደርሱ ቁሙ። ከላይ ረጅም ገመድ ወርዶ ጫፉ ላይ ከባድ ቱንቢ አለ። ከሥሩ ወለሉ ላይ የተሰመሩት ምልክቶች ሕንፃው በየጊዜው ወዴት እንዳጋደለ ያሳያሉ። እኔ ከወርቁ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ቱንቢ ነው። ግንበኛ የሆነ ሰው አብሯችሁ ካለ ብዙ ያስረዳችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ከሥሩ ያለውን ውኃ እየሳበ ሲጠጣ የሐይቁ ጭቃ ይደርቃል፣ ይሟሽሻል፣ መሬቱም ይሰምጣል። እኩል ቢሰምጥ ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በአንዳንዱ ቦታ ከካቴድራሉ ሥር የአዝቴኮች የድንጋይ ግንባታ አለ፤ እርሱ ጭቃውን ካቴድራሉ ሳይሠራ በፊት ለዘመናት ተጭኖ አጠንክሮታል፤ ያልተጫነው በኩል ግን ገና ለስላሳ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ሲሰጥም ሌላው ቀረ። በ1990 አካባቢ በሕንፃው በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ2 ሜትር አልፎ ነበር። መሐንዲሶቹ የመረጡት መፍትሔ የሚያስገርም ነው። የሰጠመውን ለማንሣት ከመሞከር ይልቅ ከሥር ጉድጓዶች ቆፍረው ካልሰጠመው ወገን በታች አፈር ቀስ በቀስ አወጡ፤ ያም ወገን ዝቅ እያለ ሕንፃው በከፊል ተቃና። ሥራው በ1990ዎቹ ዓመታት ተካሄደ። መስመጡ አሁንም ቢቀጥልም የተሻለ እኩል ሆኗል።

ከዚህ ቆማችሁ አምዶቹን በዓይናችሁ ተከተሉ፤ ዘንበል ያሉትን ታገኛላችሁ። ወደ ዳርና ዳር ስትራመዱም ዳገቱና ቁልቁለቱ በእግራችሁ ይታወቃችኋል።

6. የነገሥታት መሠዊያ

ከቱንቢው ወደ ሰሜን ዞሩ። ግድግዳውን ሞልቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣው፣ 25 ሜትር የሚደርሰው የወርቅ ሥራ የነገሥታት መሠዊያ ነው። ከሴቪል የመጣው ሄሮኒሞ ዴ ባልባስ ሥራውን በ1718 ጀምሮ በ1737 ተጠናቀቀ። እንጨት ተቀርጾ በስስ የወርቅ ቅጠል ተለብጧል። መነጽራችሁን አውጡ። አምዶቹ ከላይ ሰፍተው ወደ ታች የሚጠቡ ናቸው፤ ይህ የአምድ ዓይነት በሜክሲኮ ምድር ሥር የሰደደው ከዚህ ሥራ ወዲህ ነው። ሐውልቶቹ በቅድስና የተጠሩ ነገሥታትና ንግሥታት ናቸው። ከመካከል ካሉት ሁለት ትልልቅ ሥዕሎች የታችኛው ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ሲሰግዱ፣ የላይኛው የእመቤታችን ዕርገት ነው፤ ሠዓሊው ሁዋን ሮድሪጌስ ሁዋሬስ ነው። ካቴድራሉ ራሱ የተሰየመው በእመቤታችን ዕርገት ነው።

አስር ደቂቃ ተቀመጡ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ነው ፊቶቹ አንድ በአንድ የሚወጡት።

ከዚህ መሠዊያ ሥር የከተማው ሊቃነ ጳጳሳት የተቀበሩበት ክፍል አለ። የመጀመሪያው ጳጳስ የሁዋን ዴ ሱማራጋ መታሰቢያ እዚያ ነው። የሚከፈተው በተወሰነ ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር፣ በክፍያ ነው። ቅዱሳት ንዋያት የሚቀመጡበት የሳክሪስቲያው ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ከተከፈተላችሁ ግን ገንዘባችሁን ሳትሰስቱ ግቡ፤ ክሪስቶባል ዴ ቪያልፓንዶና ሁዋን ኮሬያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሣሏቸው ሥዕሎች ግድግዳውን ሙሉ ይዘውታል።

7. የመዘምራኑ ስፍራና ኦርጋኖቹ

ወደ በሩ ስትመለሱ መካከሉን የያዘው የታጠረ ክፍል ካህናት ዜማ የሚያደርሱበት ነው፤ እኛ ቅኔ ማኅሌት የምንለውን አገልግሎት ይሰጣል። የብረት አጥሩን ቀርባችሁ እዩት። የተሠራው ቻይና ጠረፍ ላይ በነበረችው የፖርቹጋሎች ማካው ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ በመርከብ መጥቶ በ1730 ተተከለ። ከላይ በግራና በቀኝ የተያዩት ሁለት ኦርጋኖች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በ1967 በጃንዋሪ ወር የተነሣው እሳት ክፉኛ ጎድቷቸው ነበር፤ ተጠግነው ዛሬ ይጫወታሉ። የቅዳሴ ሰዓት ጠይቃችሁ (“አ ኬ ኦራ ኤስ ላ ሚሳ?”) ኦርጋን በሚሰማበት ጊዜ ከኋላ ወንበር ይዛችሁ ብትቆዩ ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጣል።

8. በጎን ያሉት ጸሎት ቤቶች

አስራ ስድስት ናቸው። ሁሉንም በእኩል ማየት ያደክማል፤ ሁለት ሦስቱን በደንብ እዩ። አንዱ የቅዱስ ፌሊፔ ዴ ሄሱስ ነው፤ የዚሁ ከተማ ልጅ ሲሆን በ1597 ጃፓን ውስጥ ናጋሳኪ ላይ ተሰቅሎ በሰማዕትነት አረፈ፤ የሜክሲኮ የመጀመሪያው ቅዱስ ነው። በዚሁ ጸሎት ቤት በ1822 በዚህ ካቴድራል የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ዘውድ የጫነው የአጉስቲን ዴ ኢቱርቢዴ አፅም አርፏል።

ቅዱስ ራሞን ኖናቶንም ፈልጉ። ከሐውልቱ ሥር ጓጉንቸር ቁልፎች በሪባን ታስረው ተንጠልጥለዋል። ሐሜት ያሳደዳቸው ሰዎች የሐሜተኛው አፍ ይዘጋ ዘንድ የሚሳሉት ስለት ነው። ቁልፎቹን አትንኩ፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው እንባ ነው።

9. የይቅርታ መሠዊያ

አሁን በሩ ዘንድ ደርሳችኋል። ይህም የባልባስ ሥራ ነው፤ በ1967ቱ እሳት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ። ኢንኩዊዚሲዮን የሚባለው፣ መናፍቃንን የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት የፈረደባቸው ሰዎች ከቅጣታቸው በፊት እዚህ መጥተው ይቅርታ ይለምኑ ነበር ስለሚባል ነው ስሙን ያገኘው። ጥቁሩን ስቅለት እዩ፤ “የመርዙ ጌታ” ይሉታል። እንደ ትውፊቱ አንድ ካህን በየቀኑ የስቅለቱን እግር ይስም ነበር፤ ጠላቱ እግሩን መርዝ ቀባው፤ ካህኑ ሊስም ሲያጎነብስ ስቅለቱ እግሩን ሰበሰበ፤ መርዙንም ወደ ራሱ ስቦ ጠቆረ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ከፊቱ ይንበረከካል። ከሚጸልዩት ጎን ለፎቶ አትጋፉ፤ ማለፍ ካለባችሁ “ኮን ፔርሚሶ” በሉ።

10. ማማውና ሳግራሪዮው

የደወል ማማው ሲከፈት በቡድን፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ በክፍያ ይወጣል። ሰዓቱን በር ላይ ጠይቁ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ጉልበት ወይም ልብ የሚያስቸግረው አይውጣ። ላይ ስትደርሱ “የተቀጣችው” የምትባለውን ደወል አሳዩን በሉ። በ1947 ጀማሪ ደዋይን መትታ ስለገደለች ምላሷ ወጥቶ እስከ 2000 ድረስ ዲዳ ሆና ኖራለች።

ከካቴድራሉ ወጥታችሁ በስተ ምሥራቅ ተያይዞ የቆመው ሳግራሪዮ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሎሬንሶ ሮድሪጌስ ከ1749 ጀምሮ የሠራው። ቀዩ ድንጋይ ተሶንትሌ የሚባል ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በሚሰምጥ መሬት ላይ ክብደቱ መቅለሉ ትልቅ ጥቅም አለው። የምሥራቁን በር በጠዋት ፀሐይ ማየት ይሻላል።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ቴምፕሎ ማዮር ትደርሳላችሁ። በ1978 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲቆፍሩ የአዝቴኮች የጨረቃ አምላክ የሆነችውን የኮዮልሻውኪን ግዙፍ ክብ ድንጋይ አገኙ፤ የአዝቴኮች ታላቅ መቅደስም ከዚያ በኋላ ተገለጠ። ደክሟችሁ ከሆነ ሙዚየሙን ለነገ አቆዩት። ፍርስራሹን ግን ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ካቴድራሉን ከፍና ዝቅ ያደረገው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

11. ምግብ፣ በተለይ ለጾመኛ

በአካባቢው መንገድ ላይ ትላኮዮ የሚባል አለ፤ ከበቆሎ ሊጥ ተጠፍጥፎ ባቄላ ወይም አደንጓሬ በውስጡ ተደርጎ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ከላይ የተከተፈ የቁልቋል ቅጠል፣ ኖፓል የሚሉት፣ ይደረግበታል። ለጾም የተመቸ ነው። ነገር ግን አይብ ይነሰንሱበታልና አስቀድማችሁ “ሲን ኬሶ” በሉ። አደንጓሬው በአሳማ ስብ ሊበስል ይችላል፤ “ሲን ማንቴካ?” ብላችሁ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ቀዩና አረንጓዴው ሳልሳ ለብቻው ይቀርባል፤ አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ከቀዩ ይልቅ ያቃጥላልና መጀመሪያ በጠብታ ቅመሱ።